የበረዶ ማኅበርተኛ

እኔ ማኅበር ስገባ ማኅበር ነው የምገባው፤ ግማሽ መግባት አላውቅም። ይህን ከመጀመሪያው ልናገር፣ ምክንያቱም ኋላ የመጣው ነገር ሁሉ የመጣው ከዚህ ጠባዬ ነው። ጓደኞቼ «አንቺ ነገር ማክበድ ትወጃለሽ» ይሉኛል። ይበሉ።

የምሠራው ሮም ውስጥ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ነው፤ ለልጆች ምሳ አበስላለሁ። ቤቴ ፖንቴ ማሞሎ ነው፤ መስኮቴ ከሜትሮ ጣቢያው አጠገብ ያለውን የአውቶቡስ መቆሚያ ቁልቁል ያያል። ብርዱ በገባ ቁጥር ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣ አንድ ትልቅ አውቶቡስ እዚያ ይቆማል። ረጃጅም ከረጢት የተሸከሙ ሰዎች ይሰበሰባሉ፤ ይሳሳቃሉ፤ ይሄዳሉ። ማታ ያው አውቶቡስ ያንኑ ሰው ፊቱን ፀሐይ መትቶት መልሶ ያራግፈዋል። ስንት ዓመት በመስኮት አየኋቸው። አንድ ቅዳሜ ግን ማየቱ ሰለቸኝና ካፖርቴን በቢጃማዬ ላይ ደርቤ ወረድኩ። «ይቅርታ አድርጉልኝና፣ በዚህ ብርድ እንዲህ የሚያስቃችሁ ምንድን ነው?» አልኳቸው። የሰፈሩ የስኪና የስኖውቦርድ ማኅበር ነን አሉኝ። አብሩዞ ተራራ ወጥተው በረዶ ላይ ሲንሸራተቱ ውለው ይመለሳሉ። «የማይችል ሰውስ?» ስላቸው፣ «ይማራላ» አሉኝ።

በሳምንቱ ተመዘገብኩ። ሁለት የልብ ጓደኞች አሉኝ፤ አንዷ የጣሊያን አሮጊት ትጠብቃለች፣ አንዷ ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ ውስጥ ቅመም ትሸጣለች። እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ ነገርኳቸው። አሮጊት ጠባቂዋ አማተበች። «አበስኩ ገበርኩ፤ ሃምሳ ሊሞላሽ ምን ቀረሽና ነው በረዶ ላይ ልትሰበሪ የምትሄጂው?» አለች። ቅመም ሻጯ ደግሞ «ተያት፣ ብትሰበር የምናስታምማት እኛው እንደሆንን ስለምታውቅ ነው» አለች። እውነቷን ስለነበር አልተከራከርኳትም።

የማኅበሩ ሊቀመንበር የጥርስ ሐኪም ናት፤ ፈጣን ሴት ናት፣ አንድ ነገር ሁለቴ መናገር አትወድም። የጤና ወረቀቴን ተቀበለችኝ፣ የአባልነት መታወቂያዬን፣ ቴሴራ የሚሉትን፣ ሰጠችኝ፣ ጥያቄ እንዳለኝ ጠየቀችኝ። ጥያቄማ ነበረኝ። «አባል ሲታመም ማነው የሚጠይቀው? ሐዘን ሲደርስበትስ ማኅበሩ ምን ያደርጋል?» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። «ኢንሹራንስ አለን» አለች። ኢንሹራንስማ መኪናም አለው። ግን የመጀመሪያ ቀኔ ስለሆነ ቫ ቤኔ፣ እሺ ይሁን ብዬ ቴሴራዬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ጀማሪዎችን ይዘው የሚወጡት አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ጡረታ የወጡ የትራም ሹፌር ናቸው፤ የተወለዱት እዚያው አብሩዞ፣ ተራራ ሥር ባለች መንደር ነው። የአስተማሪነት ወረቀት የላቸውም፤ ቢሆንም ሁላችንም ማኤስትሮ እንላቸዋለን። በማኅበሩ ውስጥ ትልቅ ትንሽ ሳይባል ሁሉም አንተና አንቺ ነው የሚባባለው። እኔ ግን በአባቴ ዕድሜ ያለን ሰው አንተ ልበል ብል አፌ አይታዘዘኝም። ጣሊያንኛውም ቢሆን የማክበሪያ አነጋገር አለው፤ በእሱ አናገርኳቸው። የመጀመሪያ ቀን ሳቁብኝ። «እኔን እርስዎ የሚለኝ የባንክ ቤቱ ሰውዬ ብቻ ነበር» አሉ። ውሎ ሲያድር ግን ደስ እንደሚላቸው አየሁ።

አጀማመሬ እንኳ ለወሬም አይመች። ወደቅኩ፣ ተነሣሁ፣ ደግሞ ወደቅኩ። ስወድቅ ከበረዶው ጋር በአማርኛ እጣላለሁ፤ «ምን አድርጌህ ነው አንተ?» እለዋለሁ። ማኤስትሮ ዱላቸውን ተደግፈው እስክጨርስ ይጠብቁኛል። «አሎራ፣ በረዶው ምን መለሰ?» ይሉኛል። «ዝም አለ» ስላቸው፣ «እንግዲያው ተነሺ። ጉልበትሽን እጠፍ አድርጊ፤ እግርሽን ሳይሆን የምትሄጂበትን እዪ» ይላሉ። እንዲህ እንዲህ እያልን በመጀመሪያው ዓመት ሕፃናት የሚማሩበትን ሜዳ ጨረስኩ። በሁለተኛው ዓመት ሰማያዊ ምልክት ያለበትን ቀላሉን ቁልቁለት ብቻዬን መውረድ ጀመርኩ። ከሰማያዊው ፒስታ፣ ከመንሸራተቻው መንገድ ማለት ነው፣ የሚቀጥለው ቀዩ ነው። ቀዩ ፒስታ ከላይ ሆነው ሲያዩት ቁልቁለት ሳይሆን ግድግዳ ነው። «በበረዶው ወቅት የመጨረሻ ጉዞ ላይ ቀዩን አብረን እንወርዳለን» ብለው ማኤስትሮ ቃል ገቡልኝ። ከዚያ ወዲያ ወጥ ቤት ውስጥ ድንች እየላጥኩ እንኳ ጉልበቴን አጥፌ ነበር የምቆመው።

ማታ ስንመለስ አንድ ልማድ ነበራቸው። ሌላው ሰው ደክሞት ሲያንቀላፋ እሳቸው ከወንበር ወንበር እየዞሩ ይጠይቃሉ። ዛሬ ማን ወደቀ? እንዴት አድርጎ? ሲነሣ ምን አለ? እኔ ይዤ የምሄደውን ቆሎ አጠገቤ ተቀምጠው እየቆረጠሙ አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ያስነግሩኛል። የሰው ወሬ የሚወዱ ሽማግሌ ናቸው ብዬ ነበር የማልፈው።

በዚያው በሁለተኛው ዓመት፣ የገና በዓል ካለፈ በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ማኤስትሮ አውቶቡሱ ላይ የሉም። ሊቀመንበሯ ማይክሮፎን ይዛ ቆመች። ባለቤታቸው በሳምንቱ መሃል እንዳረፉ፣ ቀብሩ ትናንት እንደተፈጸመ፣ ማኅበሩም አበባ እንደላከ ነገረችን። አንድ ደቂቃ ዝም አልን። ከዚያ ሹፌሩ ሞተሩን አስነሣ።

አጠገቤ ወደተቀመጠችው ሴት ዞርኩ። «መቼ ነው የምንሄደው?» አልኳት።

«እየሄድን አይደል እንዴ?» አለች።

«ተራራውን አላልኩሽም። እሳቸው ቤት ነው ያልኩሽ።»

«ኧረ አይሆንም። አሁን ብቻቸውን መሆን ነው የሚፈልጉት።»

«ነገሩሽ?»

«አልነገሩኝም፤ ይታወቃል» አለችኝና የጆሮ ማዳመጫዋን ሰካች።

ያን ቀን በረዶው እንዴት እንደነበር አላስታውስም። ማታ ቤቴ ስገባ ስልኬን አወጣሁና ለማኅበሩ የዋትስአፕ ግሩፕ ጻፍኩ። «ውድ ማኅበርተኞች፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ተራራው ይቅርና አውቶቡሱ ማኤስትሮ ቤት ይውሰደን። ተጨማሪ ወንበር እኔ ከትምህርት ቤቱ እለምናለሁ። እያንዳንዳችሁ አንዳንድ ምግብ ሠርታችሁ ኑ። ቢያንስ እስከ ማታ እንቀመጣለን።» እኔ አገር ቤት የገባሁበት ማኅበር ቢሆን ኖሮ ይህን መጻፍም አያስፈልግም ነበር፤ ሰው ራሱ ተጠራርቶ ደጁን ይሞላው ነበር። እዚህ ግን ግሩፑ እንደ ሌሊት ዝም አለ። ሁሉም እንዳነበበው ይታየኛል። አንዱ የተጋጠሙ እጆች ሥዕል ላከ። ትንሽ ቆይቶ ስልኬ ጠራ፤ ሊቀመንበሯ ናት።

«አሳብሽ ጥሩ ነው» አለችኝ፤ ልትነቅፈኝ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። «ግን እዚህ አገር ሰው ሲያዝን ቦታ እንሰጠዋለን።»

«ቦታማ ሞልቷቸዋል» አልኳት፤ «ቤቱ ባዶ ነው።»

 ከዚያ ረጋ ብላ መልእክቴን እንዳጠፋው ለመነችኝ። አላጠፋሁትም። የጥርስ ሐኪም ስለ ጥርስ ትንገረኝ፤ ስለ ለቅሶ እኔ አላንስም።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለቱን ጓደኞቼን ይዤ ሄድኩ። ሦስታችንም ነጠላችንን አዘቅዝቀን፣ ጥቁር ቀሚስ ለብሰን፣ የማኤስትሮን በር አንኳኳን። በሩ ተከፈተ። ጺማቸውን ተላጭተው፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ቆመዋል። እኔ ገና «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ልል አፌን ስከፍት ቅመም ሻጯ ጓደኛዬ ለቅሶዋን ለቀቀችው። እሷ ደግሞ ድምፅ አላት። አንድ ቀን እንኳ ያላየቻቸውን ሴትዮ «እናቴን፣ እናቴን» እያለች ደረጃውን ሁሉ አናወጠችው። ማኤስትሮ ደነገጡ። «አመሰግናለሁ፣ ደጎች ናችሁ፣ ደኅና ነኝ» አሉና በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት። በፊት ለፊቱ በር አንዲት ጎረቤት አንገቷን አውጥታ መነኮሳት እንደሆንን ጠየቀችን።

ሜትሮው ውስጥ አሮጊት ጠባቂዋ «ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም፤ ሰውየው አልፈልግም ካሉ ተያቸው በቃ» አለችኝ። እኔን ግን ያናደደኝ የበሩ መዘጋት አልነበረም። ዓይናቸው ነው። ደረቅ ነበር። ጓደኛዬ እንደዚያ ስትጮህ እንኳ አልረጠበም። ሐዘኑን አውጥቶ ያላለቀሰ ሰው ምን እንደሚሆን አይቻለሁ፤ ይበላል ግን አይጣፍጠውም፣ ይተኛል ግን አያርፍም፣ እንደ ቆመ ውስጡ ያልቃል። ሰው ደግሞ «እንዴት ያለ ጠንካራ ነው» ይለዋል። ፈራሁላቸው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሊቀመንበሯ አውቶቡሱ ላይ ሌላ ነገር ተናገረች። ማኤስትሮ ከእንግዲህ እንደማይመጡ ደውለውላታል፤ ስኪያቸውንም ለማኅበሩ ሊሰጡ ነው፣ የበረዶው ወቅት ሲያልቅ ሄዳ ትቀበላቸዋለች። ሰዉ «ያሳዝናል» አለ። እኔ ደግሞ ያ ስኪ ከዚያ ቤት ከወጣ ሰውየውም አብረው እንዳለቁ ታወቀኝ። ልጅ የላቸውም፤ ሚስት ሄደች፤ የቀረቻቸው አንዲት ተራራ ናት፤ እሷንም በእጃቸው ሊጥሉ ነው። እንዴት ብዬ ዝም ልበል?

ረቡዕ ከሥራ ስወጣ፣ ከቅመም ሻጯ ጓደኛዬ ስንዴና ሽምብራ ወስጄ ንፍሮ ቀቀልኩ። በክዳን ድስት አድርጌ፣ በፎጣ ጠቅልዬ፣ በዚህ ጊዜ ብቻዬን ሄድኩ። በሩን ገርበብ አድርገው ከፈቱ። ልግባ አላልኳቸውም። «ይህ የሐዘን ምግብ ነው፤ በእኛ አገር ለቅሶ ቤት ይወሰዳል። ድስቴን ሌላ ቀን መጥቼ እወስዳለሁ» አልኳቸው።

ክዳኑን ከፈት አድርገው እንፋሎቱን አሸተቱት። ከዚያ «ኮንሶሎ» አሉ፤ ለእኔ ሳይሆን ለድስቱ ነበር የሚናገሩት። ቀጥለውም በሩን ወለል አድርገው ከፈቱልኝ።

ወጥ ቤት ተቀምጠን በማንኪያ በላን። ኮንሶሎ በመንደራቸው የነበረ ልማድ ነው። ሰው የሞተበት ቤት እሳት አይነድድም፤ ጎረቤት በተራ አብስሎ ያመጣል፣ አጠገብ ተቀምጦም ያበላል። «እናቴ ስትሞት ሾርባ ያመጡልንን ሴቶች ፊታቸውን ሁሉ አስታውሳለሁ» አሉኝ። «ሮም ከገባሁ ግን ማንም አምጥቶልኝ አያውቅም። እኔም ለማንም አልወሰድኩም። ረስቼው ነበር።» ያን ቀን ከዚያ በላይ አላወራንም። ድስቴን ሆን ብዬ ትቼው ወጣሁ። በሚቀጥለው ረቡዕ ድስቴን ልወስድ መጣሁ፤ ሌላ ድስት ይዤ። እንደዚያ እያደረግኩ ረቡዕ ረቡዕ የእኔ ቀን ሆነ። አልጠየቅኳቸውም፤ እሳቸውም አልከለከሉኝም።

ስኪያቸው ኮሪደሩ ውስጥ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። በመጣሁ ቁጥር በአጠገቡ አልፋለሁ፤ ሁልጊዜም ምላሴን ያሳክከኛል። የወቅቱ የመጨረሻ ጉዞ ሲቃረብ ግን ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ብዬ ጠየቅኳቸው። «ተራራው ምን በደለዎት?»

«ምንም» አሉኝ። ብርጭቋቸውን ጠረጴዛው ላይ ወዲያና ወዲህ ገፉት። «ተራራውን አልፈራም። ማታውን ነው የምፈራው።»

ያን ቀን ነገሩኝ። ባለቤታቸው ሳንባቸው ብርድ ስለማይችል አንድ ቀን ተራራ ወጥተው አያውቁም። ቅዳሜ ሙሉ ቤት ይውላሉ። ማታ ማኤስትሮ ሲገቡ ግን ጫማ እስኪያወልቁ እንኳ አይታገሡም፤ «አሎራ?» ይሏቸዋል፤ «እና ከዚያስ?» ማለታቸው ነው። ሴትዮዋ ሽንኩርት እየከተፉ፣ ሽማግሌው ከመንገዱ ጀምሮ ሁሉን ይነግሯቸዋል። ማን እንደወደቀ፣ እንዴት እንደወደቀ፣ ሲነሣ ምን እንዳለ። በትዳር ዘመናቸው ሁሉ እንደዚያ ነበር። አውቶቡስ ውስጥ ከወንበር ወንበር እየዞሩ የሚለቅሙት ወሬ ለማን እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

«ሁላችሁንም ታውቃችሁ ነበር» አሉኝ። «አንቺን ደግሞ ከሁሉም በላይ። መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ስላንቺ ነው። ያቺ ከበረዶ ጋር የምትጣላው ሴት ዛሬስ ምን አለችው? ትለኛለች። እኔ አንቺን ሆኜ እወድቅላታለሁ፤ እዚች ወለል ላይ። እስክታነባ ትስቃለች።»

አለቀስኩ። ፊታቸውን አይቼ ለማላውቃቸው ሴት፣ በየሳምንቱ እዚህ ወጥ ቤት ውስጥ እየሳቁ ለወደዱኝ ሴት፣ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ማኤስትሮ ናፕኪን አቀበሉኝ። «አንቺ ትችያለሽ» አሉኝ። «እኔ እኮ እንባው አልመጣልኝም። ቀብሩም ላይ አልመጣልኝም። ቁልፌን አዙሬ ስገባ ቤቱ ዝም ይለኛል፤ እኔም መልሼ ዝም እለዋለሁ።»

ፊቴን ጠረግኩ። እኔ ለቅሶዬን ስጨርስ ሐሳቤም አብሮ ይጠራል። «ቅዳሜ ይሄዳሉ» አልኳቸው። «እርስዎ ይሄዳሉ፣ እኔ እዚህ እቀመጣለሁ። በእኛ አገር የለቅሶ ቤት ባዶ አይተውም።»

«አንቺማ ቅዳሜ ቀዩን ፒስታ ትወርጃለሽ።»

«ቀዩ ፒስታ እግር የለውም፤ የትም አይሄድም።»

«አለዚያ አንድ ዓመት መጠበቅሽ ነው።»

«እጠብቃለኋ። ለመሆኑ እኔ አብሬዎት ከዋልኩ ማታ ምኑን ይነግሩኛል? ሁሉን አይቼው የለ?»

 መልሳቸውን አልጠበቅኩም፤ ትርፍ ቁልፉ የት እንደሚቀመጥ ጠየቅኳቸው።

ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ ደረስኩ። ማኤስትሮ ለብሰው ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል፤ ስኪያቸውን አልነኩትም። የምድጃውን እሳት እንዴት እንደምለኩስ አሳዩኝ፤ የራዲዮውን፣ የመስኮቱን፣ የውሃውን ነገር አስረዱኝ። ምድጃ የማላውቅ ይመስል። መሄድ እንዳቃታቸው ስላየሁ ስኪውን አንሥቼ ትከሻቸው ላይ አደረግኩላቸው። «አውቶቡሱ ሰው አይጠብቅም» አልኳቸው። ወጡ። በመስኮት ሆኜ መንገዱን እስኪሻገሩ አየኋቸው።

ከዚያ እኔና ቤቱ ቀረን። መስኮቱ አጠገብ ትራስ ያለበት የሴትዮዋ ወንበር አለ፤ እዚያ አልተቀመጥኩም። መነጽራቸው ራዲዮው ላይ እንደተቀመጠ ነው፤ እሱንም አልነካሁም። ሁዳዴ ስለነበረ ምስር ሠራሁ፤ በርበሬውን ለሽማግሌ ሆድ እንዲስማማ ቀነስኩት። ረፋድ ላይ ግሩፑ ውስጥ ፎቶ መጣ። ማኅበርተኛው ሁሉ ቀዩ ፒስታ ጫፍ ላይ ተደርድሮ ይስቃል፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ቀናሁ፤ አልዋሽም። ሁለት ዓመት የወደቅኩት ለዚያች ጫፍ ነበር። ከፎቶው ጥግ ማኤስትሮ ከጀማሪዎቻቸው ጋር አሉ፤ ባርኔጣቸው እስከ ቅንድባቸው ወርዷል፣ ይሳቁ አይሳቁ አይለይም። ሊቀመንበሯ ለብቻዬ ጻፈችልኝ። «ማኤስትሮ መጥተዋል፤ አንቺ ግን የት ነሽ?» «ቤት እየጠበቅኩ ነው» አልኳት። የማንን ቤት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ስነግራት ለረጅም ጊዜ አልመለሰችም፤ ኋላ ግን «ሌላ ጊዜ ተራው የእኔ ይሁን» የሚል ጽሑፍ መጣ። እንግዲህ ማኅበር ማለት ይህ ነው፤ ቀስ ብላ ገባት።

ሲመሻሽ ጆሮዬ ደረጃው ላይ ሆነ። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ ፈራሁ። ሙሉ ቀን ጀግና ሆኜ ዋልኩ፤ አሁን ግን ደክሞኛል ብለው ቀጥታ ወደ መኝታ ቤት ቢገቡስ? እኔ ማን ነኝና ነው የማላውቃቸውን ሴት ቦታ ይዤ የምጠብቀው? እንዲህ እያልኩ ሳለ የበሩ ደወል ጮኸ። ቁልፋቸው በኪሳቸው ነው፤ የገዛ ቤታቸውን በር ደወሉ። ሰው እንዲከፍትላቸው ፈልገው ነው።

ከፈትኩ። አፍንጫቸው በፀሐይ ቀልቷል፤ ስኪው ትከሻቸው ላይ ነው። ተቀብዬ ግድግዳው ላይ አቆምኩት። ወጥ ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ቆሙ፤ ወደ ትራሱ ወንበር አዩ፣ ወደ እኔ አዩ። የባለቤታቸውን ቃል፣ «አሎራ»ን፣ ልጠቀምበት አልደፈርኩም፤ የሴትዮዋ ነው። ጀርባዬን ሰጥቼ ምስሩን እያማሰልኩ በራሴ ቋንቋ «እህስ?» አልኳቸው። ቃሉን አያውቁትም፤ ገባቸው።

ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ። መጀመሪያ ቃሉ እየተቆራረጠ ነበር የሚመጣው። መንገዱ ጭር ያለ ነበር አሉ። በረዶው ከሰዓት በኋላ ላላ። ቀጥሎ አንዲት አዲስ ጀማሪ ሴት መጣች፤ ሴጆቪያ በሚሉት በገመድ በተንጠለጠለው ወንበር ከላይ ደርሳ ከወንበሩ መውረድ ፈራች፤ ወንበሩም ይዟት መልሶ ቁልቁል ወረደ። ከታች ደረሰች፤ አሁንም አልወረደችም። ሊቀመንበሯ ከሥር ሆና እጇን እያወናጨፈች ትጮኻለች፤ ሴትዮዋ ከላይ ሆና እንደ ንግሥት እጇን ታውለበልብላታለች። ማኤስትሮ ይህን ሲነግሩኝ ብድግ አሉና እጃቸውን አውለብልበው አሳዩኝ። እኔ ሳቅኩ። እሳቸውም ሳቁ፤ ሳቁ ረዘመ፤ ከዚያ መሃል ላይ ሌላ ነገር ሆነ። በቆሙበት ጠረጴዛውን ይዘው፣ ባርኔጣቸውን በዓይናቸው ላይ ደፍተው፣ ትከሻቸው እየተርገፈገፈ አለቀሱ። ድምፅ ነበረው፤ ጎረቤት ይስማው አይስማው አላሰቡም።

አይዞዎት አላልኳቸውም። በእኛ ዘንድ የሚያለቅስን ሰው ቶሎ ዝም አያሰኙትም፤ ይወጣለት ብለው ይተዉታል። እሳቱን ቀነስኩ፣ ወንበሬን ሳብኩና አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ተቀመጡ፣ ፊታቸውን በባርኔጣው ጠረጉ።

«የት ደርሼ ነበር?» አሉኝ።

«ሴጆቪያው ላይ» አልኳቸው።